ውኃው ይቆይ፣ ሙቀቱ ይቅደም፦ የጨቅላ ሕፃናት ገላ እጥበትና የቆዳ እንክብካቤ

ሕፃን ሲወለድ ቤተሰብ ቀድሞ ከሚያስባቸው ነገሮች አንዱ ገላውን ማጠብ ነው። ውኃ ይሞቃል፣ ሳፋ ይቀርባል፣ ከማሕፀን ይዞት የመጣው ደምና ነጭ ቅባት ታጥቦ ሕፃኑ ንጹሕ ሆኖ ለእናቱ እንዲሰጥ ይፈለጋል። ልማዱ ከፍቅርና ንጽሕናን ከመውደድ የመነጨ ነው። የዛሬው የሕክምና ዕውቀት የሚመክረው ግን ሌላ ነው፤ ለጨቅላ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከእጥበት በፊት ሙቀት ይቀድማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2022 ባወጣው የድኅረ ወሊድ እንክብካቤ መመሪያ የሕፃኑ የመጀመሪያ ገላ እጥበት ቢያንስ ለ24 ሰዓታት እንዲዘገይ ይመክራል።

ምክሩ ትንሽ ቢመስልም የሚነካው የሕፃናትን ሕይወት ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በ2019 የተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በሕይወት ከሚወለዱ 1 ሺህ ሕፃናት መካከል 33ቱ የመጀመሪያ ወራቸውን ሳይጨርሱ እንደሚሞቱ አመልክቷል። በዚሁ ዳሰሳ መሠረት በጤና ተቋም የተወለዱት 48 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያለጊዜ መወለድ፣ በወሊድ ወቅት መታፈንና ኢንፌክሽን የጨቅላ ሕፃናት ሞት ዋና ዋና ምክንያቶች ናቸው። ቅዝቃዜ እነዚህን ሁሉ ያባብሳል፤ የተጎዳ ቆዳ ደግሞ ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል። ሁለቱንም ግን ቤተሰብ በቤቱ ባለው ነገር ሊከላከላቸው ይችላል።

የጨቅላ ሕፃን ቆዳ ከትልቅ ሰው በምን ይለያል?

ቆዳ ሦስት ታላላቅ ሥራዎች አሉት። በሰውነት ውስጥ ያለው ውኃ እንዳይባክን ይጠብቃል፣ ተሕዋስያን ወደ ውስጥ እንዳይገቡ ይከላከላል፣ የሰውነትንም ሙቀት ይቆጣጠራል። የጨቅላ ሕፃን ቆዳ እነዚህን ሥራዎች ገና እየተለማመደ ያለ ቆዳ ነው። ከትልቅ ሰው ቆዳ የሳሳ ነው፤ የሚቀባውንም ነገር በቀላሉ ወደ ደም ያሳልፋል። ሕፃኑ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር የቆዳው ስፋት ትልቅ በመሆኑ በቆዳው በኩል የሚያጣው ሙቀትም ብዙ ነው።

በተጨማሪም የትልቅ ሰው ቆዳ በመጠኑ አሲዳማ ነው፤ ይህ አሲዳማነት ጎጂ ባክቴሪያዎች እንዳይራቡ ይረዳል። የሕፃን ቆዳ ግን ሲወለድ አሲዳማነቱ አነስተኛ ሲሆን ይህን መከላከያ የሚገነባው ከተወለደ በኋላ ባሉት ቀናትና ሳምንታት ነው። ኃይለኛ ሳሙና ይህን ግንባታ ያፈርሳል።

ብዙዎች እንደ ቆሻሻ የሚቆጥሩትና ባለሙያዎች ቨርኒክስ ብለው የሚጠሩት ነጭ ቅባት የሕፃኑ የመጀመሪያ መከላከያ ነው። በእርግዝናው የመጨረሻ ወራት ራሱ የፅንሱ ሰውነት የሚያዘጋጀው ሲሆን ውኃ፣ ስብና ፕሮቲን ይዟል። በማሕፀን ሳለ ቆዳው በውኃ እንዳይላላ ይጠብቀዋል፤ ከተወለደም በኋላ ቆዳውን ያለሰልሳል፣ ተሕዋስያንንም ይከላከላል። እናቲቱ ከበላችው ምግብ የመጣ እድፍ አይደለም፤ ሊፈገፈግም አይገባም። ቆዳ ላይ ከተተወ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ራሱ ይሰርጋል።

ቅዝቃዜ ሕፃንን እንዴት ይጎዳል?

የጨቅላ ሕፃን ጤናማ የሰውነት ሙቀት ከ36 ነጥብ 5 እስከ 37 ነጥብ 5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። ሕፃኑ ከእናቱ ማሕፀን ሞቃት አካባቢ ወጥቶ እርጥብ ገላውን ይዞ ወደ ቀዝቃዛ ክፍል ሲገባ ሙቀቱ በደቂቃዎች ውስጥ መውረድ ይጀምራል። በገላው ላይ ያለው እርጥበት እየተነነ ሙቀቱን ይወስዳል፤ በቀዝቃዛ ሚዛን ወይም መደብ ላይ ሲጋደም ሙቀቱ ወደዚያ ይሄዳል፤ በበርና በመስኮት የሚገባው ነፋስ ይወስደዋል፤ በአጠገቡ ያለ ቀዝቃዛ ግድግዳ እንኳ ሳይነካው ሙቀቱን ይስብበታል። ወዲያው የሚደረግ እጥበት የደረቀውን ገላ እንደገና በማርጠብ ይህን ሁሉ ያፋጥናል።

ሕፃን ሲበርደው እንደ ትልቅ ሰው አይንቀጠቀጥም። ስለዚህ ቤተሰቡ መብረዱን ሳያውቅ ብዙ ሊቆይ ይችላል። ሰውነቱ ሙቀት ለማመንጨት ያለውን ጥቂት ስብና ስኳር ያቃጥላል፣ ተጨማሪ ኦክስጅንም ይፈልጋል። ስኳሩ ሲያልቅ ይደክማል፣ ጡት ለመጥባት ኃይል ያጣል፤ ሳይጠባ ሲቀር ደግሞ የበለጠ ይበርደዋል። ጸጥ ብሎ የተኛ የሚመስል ሕፃን እንዲህ ባለ ዑደት ውስጥ የገባ ሊሆን ይችላል።

መብረዱን ለማወቅ ሆዱንና እግሩን መዳሰስ ቀላል ዘዴ ነው። ሆዱም እግሩም ሞቃትና ወዘናው ጥሩ ከሆነ ሕፃኑ ደኅና ነው። ሆዱ ሞቆ እግሩ ከቀዘቀዘ መብረድ ጀምሮታልና ወዲያው ከእናቱ ደረት ጋር ቆዳ ለቆዳ ማያያዝ ያስፈልጋል። ሆዱም እግሩም ከቀዘቀዙ አደጋ ላይ ነው፤ ቆዳ ለቆዳ እንደታቀፈ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ ይኖርበታል።

ይህ ሥጋት እንደ ደብረ ብርሃንና ደባርቅ ባሉ ብርዳማ ደጋዎች የጎላ ቢሆንም በቆላም አለ። ሌሊቱና ንጋቱ ሲቀዘቅዝ ወይም እርጥብ ገላ ነፋስ ሲያገኘው በመተማ የተወለደ ሕፃንም ሊበርደው ይችላል። በቆላ የሚጨመረው ጥንቃቄ ከልክ በላይ አለመሸፋፈን ነው፤ ላብ በአንገትና በብብት እጥፋቶች ሲጠራቀም የሙቀት ሽፍታ ያስከትላል። በአጠቃላይ ሕፃኑ በዚያው ክፍል ካለ ትልቅ ሰው አንድ ወይም ሁለት ድርብ ልብስ ጨምሮ ቢለብስና ኮፍያ ቢደረግለት በቂ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ምን ይደረጋል?

ሕፃኑ እንደተወለደ ጭንቅላቱን ጨምሮ መላ ገላው በንጹሕና በደረቅ ጨርቅ ይደርቃል። የረጠበው ጨርቅ ይነሳና ሕፃኑ ራቁቱን በእናቱ ባዶ ደረት ላይ ይደረጋል፤ ኮፍያ ይደረግለታል፣ ሁለቱም በደረቅ ልብስ ይሸፈናሉ። ጡት ማጥባት በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ይጀመራል። እንገሩ ለሕፃኑ ምግብም መከላከያም ነው። በገላው ላይ የቀረ ደም ካለ በእርጥብ ጨርቅ ቀስ ብሎ ተጠርጎ ወዲያው ይደርቃል፤ ነጩ ቅባት ግን ይተዋል።

ከዚያ በኋላ እጥበቱ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይቆያል። በልማድ ወይም በሌላ ምክንያት ይህን ያህል መጠበቅ ካልተቻለ እንኳ ከ6 ሰዓት ማነስ የለበትም። እናቲቱ ወደ ደም የሚተላለፍ በሽታ ካለባት ስለ እጥበቱ ጊዜ የሚያዋልዳትን ባለሙያ መጠየቅ ይገባል።

ቤት ውስጥ ሕፃን በሚወለድበት ጊዜ የሚያጥበው አብዛኛውን ጊዜ እናቲቱ ሳትሆን አማት፣ አያት ወይም ልምድ ያላት ጎረቤት ናት። ስለዚህ ይህን ምክር ከምጥ በፊት ማወቅ ያለባት ነፍሰ ጡሯ ብቻ አይደለችም። ባሎችና አያቶች በእርግዝና ክትትል ጊዜ አብረው ሲሄዱ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቤት ስትመጣ አብረው ሲያዳምጡ ምክሩ በዕለቱ ይፈጸማል።

የገላ እጥበት አካሄድ

ሕፃኑ ደኅና ሆኖ፣ ሞቆና እየጠባ አንድ ቀን ካለፈው በኋላ ሊታጠብ ይችላል። የቀኑ ሞቃት ሰዓት ይመረጣል። በርና መስኮት ይዘጋሉ፤ ክፍሉ ቀድሞ ይሞቃል። ክፍሉን በከሰል ማሞቅ ግን ብርቱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ አራሷንም ሕፃኑንም ሳያነቃ ሊገድል ይችላል። ከሰሉ ውጭ በደንብ ተያይዞ ቢገባም አደጋው አይቀርም። ስለዚህ የከሰል ምድጃ ሕፃንና አራስ ባሉበት ዝግ ክፍል ውስጥ መግባት የለበትም።

ከእጥበቱ በፊት ሁሉም ነገር በእጅ ርቀት ይዘጋጃል፦ ሳፋ፣ ንጹሕ ውኃ፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ ሁለት ደረቅ ፎጣ ወይም ነጠላ፣ ኮፍያና ንጹሕ ልብስ። ሳፋው በሳሙና የታጠበና ለሕፃኑ የተለየ ቢሆን ይመረጣል። ፀረ ተባይ ወይም ፀረ አረም ኬሚካል የተያዘበት ጀሪካን ወይም ዕቃ ምንም ያህል ቢታጠብ ለሕፃን ውኃ መቅጃም ሆነ ማጠቢያ መዋል የለበትም። ከወንዝ ወይም ካልተጠበቀ ምንጭ የተቀዳ ውኃ ፈልቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ይውላል።

በሳፋው መጀመሪያ ቀዝቃዛው ውኃ ይደረጋል፣ ቀጥሎ ሙቁ ይጨመራል፤ ይህ ቅደም ተከተል ከቃጠሎ ያድናል። ውኃው ከሰውነት ሙቀት ጋር ተቀራራቢ፣ ማለትም ከ37 እስከ 38 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት። መለኪያ በሌለበት ክርንን ነክሮ ማየት ይቻላል፤ ክርን ሲነካው የማይፈጅም የማይቀዘቅዝም ውኃ ተስማሚ ነው። መዳፍ በሥራ የጠነከረ ስለሆነ ለዚህ አያስተማምንም። የውኃው ጥልቀት ጥቂት ጣት ያህል ብቻ ይበቃል።

የሚያጥበው ሰው ጥፍሩን ቆርጦ፣ ቀለበቱንና አምባሩን አውልቆ፣ እጁን በሳሙና ይታጠባል። ከዚያም፦

• ዓይኖች በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ወይም ጥጥ ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ ይጠረጋሉ። ለእያንዳንዱ ዓይን የተለየ ጥጥ ይወሰዳል።

• ፊት በውኃ ብቻ ይጠረጋል፤ ሳሙና አይነካውም። ጆሮና አፍንጫ ውስጥ ምንም ነገር አይገባም።

• የአንገት፣ የብብትና የብሽሽት እጥፋቶች ተከፍተው ይጠረጋሉ፤ ወተትና ላብ የሚጠራቀመው በእነዚህ ቦታዎች ነው።

• የሴት ሕፃን ብልት ከፊት ወደ ኋላ ይጠረጋል። የወንድ ሕፃን ሸለፈት ወደ ኋላ አይሳብም።

• ጭንቅላት በመጨረሻ ይታጠብና ወዲያው ይደርቃል፤ ሕፃን በጭንቅላቱ በኩል ብዙ ሙቀት ያጣልና።

እጥበቱ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያልበለጠ ይሁን። አንድ እጅ ሁልጊዜ ጭንቅላቱንና አንገቱን ይደግፋል። ሕፃን ለአፍታም ቢሆን በውኃ ውስጥ ብቻውን አይተውም። ሲያበቃ ሳይፈገፈግ በፎጣ እየተነካካ ይደርቃል፣ ኮፍያው ይደረግለታል፣ ከእናቱ ጋር ተያይዞ ይጠባል።

በየቀኑ ሙሉ ገላን ማጠብ አያስፈልግም። ፊትን፣ የቆዳ እጥፋቶችንና የዳይፐር አካባቢን በየቀኑ መጥረግ፣ ሙሉ ገላን ደግሞ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ማጠብ በቂ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውኃ ብቻ ይበቃል። ሳሙና ካስፈለገ ሽታና ቀለም የሌለው ለስላሳ የሕፃናት ሳሙና በጥቂቱ ይወሰዳል። የልብስ ሳሙናና ፀረ ተሕዋስያን ኬሚካሎች ለሕፃን ቆዳ አይሆኑም።

እትብት፦ ደረቅና ንጹሕ

የተቆረጠ እትብት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ደርቆ ይወድቃል። እስከዚያው ድረስ ወደ ሕፃኑ ደም የሚያስገባ ክፍት በር ነው። ቅቤ፣ አመድ፣ እበት ወይም አፈር መቀባት መንጋጋ ቆልፍንና ሌሎች ገዳይ ኢንፌክሽኖችን ሊያስከትል ይችላል። የመንጋጋ ቆልፍ ተሕዋስ በአፈርና በከብት እበት ውስጥ ይኖራል፤ ነፍሰ ጡር እናት የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት የምትወስደውም ራሷንና የምትወልደውን ሕፃን ለመጠበቅ ነው።

በጤና ተቋም ለተወለደ ሕፃን እትብቱን ንጹሕና ደረቅ አድርጎ መጠበቅ በቂ ነው። ቤት ውስጥ ለሚወለዱና ጎጂ ነገር መቀባት በተለመደባቸው አካባቢዎች ለሚኖሩ ሕፃናት ግን የዓለም ጤና ድርጅት 4 በመቶ ክሎርሄክሲዲን የተባለውን ቅባት በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ እንዲቀባ ይመክራል። መድኃኒቱ የሚወሰደው ከጤና ባለሙያ ሲሆን ለእትብት ብቻ ነው። የዓይን ቅባት ከሚይዝ ቱቦ ጋር ሊመሳሰል ስለሚችል ተሳስቶ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል።

እትብቱ እስኪወድቅ ሕፃኑን ውኃ ውስጥ ከመንከር በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይቀላል። ከረጠበም በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል። ዳይፐሩ ወይም የሽንት ጨርቁ ከእትብቱ በታች ይታጠፋል። እትብቱ በእጅ አይጎተትም።

ቅቤ፣ ዘይት፣ ኩልና ፀሐይ

በብዙ ቤተሰብ ሕፃን ከታጠበ በኋላ ገላው በቅቤ ይታሻል፤ እርግብግቢቱ ላይም ለጋ ቅቤ ይደረጋል። የማሸቱ ንክኪ ራሱ ለሕፃኑ መልካም ነው። ነገር ግን ያልፈላ ወተት የተናጠበት ለጋ ቅቤ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል፤ በሳሳ ወይም በተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ሲቀባ ለሕፃኑ አደጋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ቀኑን ጠብቆ ለተወለደ ጤናማ ሕፃን የቆዳ ችግርን ለመከላከል ተብሎ የሚደረግ የዘወትር ቅባት አያስፈልግም ይላል። በመጀመሪያው ሳምንት የቆዳ መላጥ የተለመደ ነገር ስለሆነ መድኃኒት አይሻም። ቆዳው ከመጠን በላይ ደርቆ ከተሰነጠቀ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ስስ አድርጎ መቀባት ይቻላል። ፓውደር ግን ሕፃኑ ሲተነፍስ ወደ ሳንባው ስለሚገባ አይመከርም።

ኩል ለዓይን ማስዋቢያም ሆነ ለመድኃኒት መዋል የለበትም። አንዳንድ የኩል ዓይነቶች እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት ይይዛሉ፤ ማንኪያውና ጣቱም ዓይንን ሊበክሉ ይችላሉ።

ሕፃንን ፀሐይ ማሞቅ ለአጥንት የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ዲ እንዲያገኝ ይረዳል። ሆኖም ገና የተወለደን ሕፃን በቅዝቃዜ ሰዓት ራቁቱን ውጭ ማውጣት ወይም ቅቤና ዘይት ቀብቶ በጠራራ ፀሐይ ማቆየት ጉዳቱ ያመዝናል። ከሁሉም በላይ ሊታወቅ የሚገባው የሕፃን ቢጫ መሆን በፀሐይ የሚታከም አለመሆኑ ነው። ቢጫነቱ በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ከታየ፣ ወይም መዳፍና ውስጥ እግር ድረስ ከደረሰ ፀሐይ እየሞቀ የሚጠበቅበት ጊዜ የለም፤ አንጎልን ለዘለቄታው ሊጎዳ ስለሚችል ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።

የዳይፐር አካባቢ

ሽንትና ዓይነ ምድር ተቀላቅለው ቆዳ ላይ ሲቆዩ ቆዳው ይቀላል፣ ይቆስላል። መፍትሔው ቶሎ ቶሎ መቀየር ነው። በእያንዳንዱ ቅያሪ አካባቢው በውኃ ተጠርጎ ይደርቃል፤ በሞቃት ክፍል ጥቂት ጊዜ ሳይታሰር ቢቆይ ይረዳል። የጨርቅ ዳይፐር በሳሙና ታጥቦ ሳሙናው እስኪለቅ በደንብ ይለቀለቅና ፀሐይ ላይ ይሰጣል። መቅላት ሲጀምር ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ቅባት ወይም ቫዝሊን ቆዳውን ከእርጥበት ይከላከላል። ቀላው በእጥፋቶቹ ውስጥ ገብቶ፣ ዙሪያውን ትናንሽ ሽፍታዎች አውጥቶ ከቆየ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ይየው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት የሚገዙ ስቴሮይድ ያለባቸው ቅባቶች በሕፃን ሳሳ ቆዳ አልፈው ወደ ደም ስለሚገቡ አደገኛ ናቸው።

ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት

37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ሕፃን ያለጊዜው የተወለደ ይባላል። ከላይ የተነገረው ሁሉ በእርሱ ላይ ይጠነክራል። ቆዳው በጣም የሳሳ በመሆኑ የደም ሥሮቹ ሊታዩ ይችላሉ፤ ከቆዳው በታች የሚገኘው ስብ ጥቂት ነው፤ በጣም ቀድሞ ከተወለደ ነጩ ቅባትም አልተሠራለትም። በቆዳው በኩል ውኃና ሙቀት በብዛት ይባክንበታል፤ በፕላስተር መነሳት እንኳ ቆዳው ሊላጥ ይችላል።

ለእንዲህ ያለ ሕፃን ሳፋ ውስጥ ገብቶ መታጠብ ክብደት መጨመር እስኪጀምርና ሙቀቱን በራሱ መጠበቅ እስኪችል ድረስ ይቆያል። እስከዚያው ፊቱ፣ እጥፋቶቹና የዳይፐር አካባቢው ብቻ በሞቀ ውኃ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ይጠረጋሉ። የሚጠረገው ክፍል ብቻ ተከፍቶ ሌላው እንደተሸፈነ ይቆያል፤ የተጠረገው ሳይደርቅ ወደ ሌላው አይታለፍም። ሳሙና አይነካውም። መቼ ሙሉ በሙሉ መታጠብ እንደሚችል የሚወስነው የሚከታተለው ባለሙያ ነው።

ዋናው እንክብካቤ ካንጋሮ በመባል የሚታወቀው ቆዳ ለቆዳ ማቀፍ ነው። ዘዴው እ.ኤ.አ በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ የተጀመረው የማሞቂያ መሣሪያ በማነሱና ሕፃናት በአንድ መሣሪያ ተደራርበው ኢንፌክሽን በመብዛቱ ነበር። በኢትዮጵያም በአዲስ አበባ የተደረገና እ.ኤ.አ በ2005 የታተመ ጥናት ዝቅተኛ ክብደት ይዘው ከተወለዱ ሕፃናት መካከል ቀድመው ካንጋሮ እንክብካቤ ባገኙት ዘንድ ሞቱ 22 ነጥብ 5 በመቶ፣ በተለመደው እንክብካቤ በቆዩት ዘንድ ግን 38 በመቶ እንደነበር አሳይቷል። እ.ኤ.አ በ2021 በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተደረገ ሰፊ ጥናት ደግሞ ሕፃኑ እስኪጠነክር ሳይጠበቅ ወዲያው እንደተወለደ ካንጋሮ መጀመሩ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሚደርሰውን ሞት በ25 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። የዓለም ጤና ድርጅት እንክብካቤው በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት፣ በተቻለ መጠን ሳይቋረጥ እንዲሰጥ ይመክራል።

አደራረጉ እንዲህ ነው። ሕፃኑ ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ አድርጎ በእናቱ ጡቶች መካከል ደረት ለደረት ቀጥ ብሎ ይደረጋል። ጭንቅላቱ ወደ ጎን ይዞራል፤ አንገቱ ጥቂት ቀና ይላል፤ ይህም ትንፋሹ እንዳይታፈን ያደርጋል። እጆቹና እግሮቹ ታጥፈው እንደ እንቁራሪት ይዘረጋሉ። በነጠላ ወይም በመቀነት ጠበቅ ተደርጎ ይታሰርና ከላይ ጋቢ ወይም ልብስ ይደረባል። ፊቱ ሁልጊዜ መታየት አለበት። እናት ስትደክም ወይም ስትታጠብ አባት ወይም አያት ሊተኳት ይችላሉ፤ ሙቀቱ ከማንኛውም ጤናማ ሰው ደረት ይገኛል።

የቆዳ ቅባትን በተመለከተ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ጉዳይ ቀኑን ጠብቆ ከተወለደው ይለያል። እ.ኤ.አ በ2005 የታተመና በባንግላዴሽ ዋና ከተማ ዳካ በሚገኝ ሆስፒታል የተደረገ ጥናት ከ33 ሳምንት በፊት ተወልደው የሱፍ አበባ ዘይት የተቀቡ ሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ በኢንፌክሽን የመያዝ ዕድላቸው በ41 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም ለእነዚህ ሕፃናት የዘይት ቅባት ሊታሰብ ይችላል ይላል። ይህ ግን ንጹሕ ዘይት፣ የታጠበ እጅና የባለሙያ ፈቃድ ይጠይቃል። በገበያ ያለ ማንኛውም ዘይት አይተካውም፤ የወይራ ዘይት የቆዳን መከላከያ ሽፋን ሊያሳሳ እንደሚችል ጥናቶች አመልክተዋል፤ የሰናፍጭ ዘይትም ይቆጠቁጣል።

ሥርዓቶችና የሕፃኑ ገላ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ ሕፃን በ40 ቀኑ፣ ሴት ሕፃን በ80 ቀኗ ትጠመቃለች። ቀኑን ጠብቆ የተወለደ ጤናማ ሕፃን በዚያን ጊዜ ሙቀቱን ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በተሻለ ይጠብቃል። የሚያስፈልገው ደረቅ ፎጣ፣ ኮፍያና ሙቅ ልብስ ይዞ መሄድ፣ ከውኃው እንደወጣ ወዲያው ማድረቅና ማቀፍ ነው። ያለጊዜው የተወለደ ወይም ክብደቱ ገና ያነሰ ከሆነ ቤተሰቡ አስቀድሞ ባለሙያውንም ካህኑንም ማማከሩ ይጠቅማል።

በሙስሊም ቤተሰቦች በ7ኛው ቀን የሕፃኑ ፀጉር በሚላጭበት ጊዜ ምላጩ አዲስና ሌላ ሰው ያልተጠቀመበት ይሁን። ራሱ ከተላጨ በኋላ ኮፍያ ይደረግለት፤ ምላጭ የጫረው ቦታ ቢኖር በንጹሕ ውኃ ይጠረግ እንጂ ሌላ ነገር አይቀባ።

የተለመደውና አደገኛው

በጀርባና በመቀመጫ ላይ የሚታዩ ሰማያዊ ግራጫ ነጠብጣቦች፣ በአፍንጫ ላይ የሚወጡ ነጫጭ ነቁጦች፣ በመጀመሪያ ቀናት ታይተው የሚጠፉ ቀያይ ሽፍታዎች፣ የቆዳ መላጥና በራስ ቆዳ ላይ የሚታይ ቅርፊት በአብዛኛው ራሳቸው የሚጠፉ ናቸው። ማፍረጥ፣ መብጣትና መፈግፈግ አያስፈልግም።

ከሚከተሉት ምልክቶች አንዱ ከታየ ግን ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፦

• ሕፃኑ ጡት መጥባት ካቆመ ወይም ከወትሮው በጣም ከቀነሰ፤

• ከተንቀጠቀጠ ወይም አካሉ ከተገታተረ፤

• ሲቀሰቀስ ካልሆነ የማይንቀሳቀስ ከሆነ፤

• በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፤

• ገላው ከጋለ ወይም ከቀዘቀዘ፤

• መዳፉና ውስጥ እግሩ ቢጫ ከሆነ፤

• እትብቱ መግል ከያዘ፣ ከሸተተ ወይም ቀላው ወደ ሆዱ ቆዳ ከተስፋፋ፤

• መግል የቋጠረ ሽፍታ ወይም እባጭ ከወጣ።

በጉዞ ላይ ሕፃኑ ከእናቱ ደረት ጋር ቆዳ ለቆዳ ታስሮ፣ ኮፍያ አድርጎ፣ እየጠባ ይሂድ። ብዙ ሕፃናት ጤና ተቋም የሚደርሱት በመንገድ ከበረዳቸው በኋላ ነው፤ እንዲህ መያዝ ለማንኛውም ሕክምና ዕድል ይሰጣል።

ሕፃኑ ደኅና ቢመስልም ክትትሉ አይቀርም። የዓለም ጤና ድርጅት እናትና ሕፃን በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት፣ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀንና በ6ኛው ሳምንት እንዲታዩ ይመክራል። ቤት ውስጥ የወለደች እናት ካለች ቤተሰቡ በዚያው ቀን ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሊያሳውቅ ይገባል። የሕፃኑ ክብደት፣ ሙቀት፣ እትብትና ቆዳ በእነዚህ ቀናት ይታያሉ፤ ስለ እጥበትና ስለ ቅባት ጥያቄ ያለው ቤተሰብም መልስ የሚያገኘው በዚሁ ጊዜ ነው።